የሰማይ ፍጡርና የአራስ ቤት

አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ገና በሩን ሲገባ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይላል። ጴንጤ ከሆነ ደግሞ "እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ" ይበል። አራስ ክፉ አይነገራትም፣ አትደነግጥም። ያን ቀን የመጣው ሰውዬ ግን አንዱንም ሳይል የያዘውን ዳይፐር አስቀመጠና ወሬውን ጀመረ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ሰመር፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ዋይትሆል በምትባል ከተማ፣ ሴት ልጄ ቤት ነው። አራሷ የልጄ ተከራይ ናት። ቪዛዋ አልቆባታል፣ የጥገኝነት ጉዳይዋም መልስ አላገኘም። ባሏ ትራክ ይነዳል፣ ያን ሳምንት ቴክሳስ ነበር። የሕፃኑን የልደት ሰርተፊኬት አላወጣችም። "ስለ እኔ ቢጠይቁኝስ? ልጁ አሜሪካዊ አይደለም ቢሉኝስ?" እያለች ትፈራለች። ለምነን ለምነን፣ በማግስቱ ሄዳ ልታወጣ እሺ ብላን ነበር።

ሰውዬው የልጄ የሥራ ባልደረባ ነው። ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ ዜግነት ከያዘ ወዲህ አፉ የሰፋ። ማስኩን አገጩ ሥር አድርጎ ገንፎውን እየበላ፣ ያኔ ቴሌቪዥን የሚያወራውን፣ ፓይለቶች ሰማይ ላይ አየን ያሉትን ነገር አነሳ።

"ጋሼ፣ ከሌላ ዓለም የመጣች ፍጡር እዚህ ሞርስ ሮድ፣ መንገዱ ላይ ብትወልድ፣ ልጇ አሜሪካዊ ሊባል ነው?" ብሎ ሳቀ።

"ይባላላ!" አልኩት።

"ኧረ ጋሼ! ሕጉ እዚህ የተወለደ ሰው ነው የሚለው። አራት ዓይን ላለው ነገር ፓስፖርት ይሰጠው?"

"አምጣ ወልዳ ካጠባች፣ ሰው አይደለችም የምትል አንተ ማነህ?"

"በሕጉ ሥር መሆን አለባታ! እሷን ማን ያዛታል?"

"መንኮራኩሯን የአካል ጉዳተኛ ፓርኪንግ ላይ ብታቆም ፖሊስ ዝም ይላታል?"

"ቶው አድርገው ይጎትቱባታል እንጂ!" አለች ልጄ ከኩሽና።

"በቃ፣ ሕጉ ሥር ናት። ለቅጣት ሲሆን የሚያውቃት ሕግ ለልጇ ሲሆን አላውቃትም ይላል?"

ሰውዬው ዓይኑን ወደ አራሷ መለሰ። "እሱስ ይሁን። ወረቀት የሌላት ሁሉ እየመጣች ብትወልድስ ይኼ አገር ምን ይሆናል?"

አራሷ ልጁን ደረቷ ላይ ልጥፍ አደረገችው። "አባባ፣ ነገ ይቅርብኝ" አለችኝ ቀስ ብላ።

ብድግ አልኩ። "የአራስ ገንፎ እየበላህ አራስ ታስፈራራለህ? አንተን እዚህ አገር ያመጣህ ዕጣ ነው። ይኼ ሕፃን እዚሁ ነው የተወለደው። ውጣ!"

"ቀልድ እኮ ነው ጋሼ!"

"ውጣ አልኩህ!"

ወጣ። ልጄ "አባዬ፣ እንግዳ ይባረራል?" ብላ ተቆጣችኝ። ይባረራል።

በደንባችን አራስ ወገቧ ሳይጠነክር ደጅ አትወጣም። ይኼን ደንብ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። በማግስቱ ጠዋት ግን እኔው ራሴ ኮቴን ለብሼ፣ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ደርቤ፣ "ተነሺ እንሂድ" አልኳት። ብጠብቅ ኖሮ ፍርሃቱ ሥር ይሰድባት ነበር።

የልደት ሰርተፊኬት የሚሰጠው ቢሮ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴት መታወቂያዋን አየችና የልጁን ስም ጠየቀቻት። ስለ ቪዛዋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ወረቀቱን ስትሰጣት አራሷ እዚያው ቆማ የልጇን ስም፣ ከዚያም የትውልድ ቦታውን፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚለውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ ግራ ቀኟን አየችና ነጠላዋ ሥር ሸሸገችው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። የገዛ ልጇን ወረቀት የምትሸሽገው ምን ሰርቃ ነው?