«መሰለኝ»

አቶ ሞገስ በሰው ላይ አይመሰክሩም። ይህ በስቶክሆልም፣ አካላ በሚባለው ሰፈር የታወቀ ነው። በሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ተራቸውን የነጠቃቸውን ጎረቤት በዓይናቸው እያዩ እንኳ «ተሳስቶ ይሆናል» ብለው ያልፋሉ። ኮታቸው ውሃ እያንጠባጠበ «የሚዘንብ መሰለኝ» ሲሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይስቁባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በቀይ ሽብር ዘመን አንድ ጎረቤት ቀበሌ ገብቶ ስለ ታላቅ ወንድማቸው «ወረቀት ሲበትን አየሁት» አለ። አላየም። ወንድማቸው ተወስዶ በዚያው ቀረ። ሞገስ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በእኔ ቃል ሰው አይነካም ብለው ማሉ። ስቶክሆልም መጥተው ሃያ ዓመት አውቶቡስ ሲጠግኑም መሐላቸው አብሯቸው ነበር።

ጋሮማ በጋራዡም በጉባኤውም ታናሽ ባልንጀራቸው ነው። ከስዊድን የሥራ ጓደኞቹ ጋር ኤልይ የሚሉትን ትልቅ አጋዘን ማደን ለምዶ፣ የአዳኝነት ፈተናውን አልፎ፣ ጠመንጃ ከነፈቃዱ አወጣ። በየዓመቱም ለጉባኤው ሥጋ ያካፍል ነበር። ወገቡን ታሞ ከሥራ ከወጣ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነ። በፈረንጆቹ 2004፣ ነሐሴ ላይ፣ ከአምልኮ ወጥተው ባቡር ሲጠብቁ፣ «ጋሼ ሞገስ፣ ዘንድሮ ጫካ አልሄድም። አንዷን ጥይት ለራሴ አስቀምጫታለሁ» አላቸው።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳትል!» ብለው ተቆጡት። ባቡሩ መጣ።

ለሚስቱ ለደሚቱም ያንኑ ብሏት ኖሮ ፖሊስ ጠራች። ፖሊስ ጠመንጃውን ለጊዜው ወሰደው፤ ጋሮማ ግን ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ደሚቱ «ሆዱን የሚያካፍለው ለጋሼ ሞገስ ብቻ ነው» ስላለች አቶ ሞገስ ተጠሩ።

መርማሪዋ በአስተርጓሚ ጠየቀቻቸው። «ራሱን እንደሚጎዳ ሲናገር ሰምተዋል?»

ወንድማቸው ፊታቸው ላይ ድቅን አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

«ያለ መሰለኝ» አሉ።

አስተርጓሚዋ እንደ ወረደ ተረጎመችው። መርማሪዋ መጻፏን አቆመች። «ይመስልዎታል ወይስ ያውቃሉ? በሚመስል ነገር ብቻ የሰው ንብረት ይዤ ማቆየት አልችልም።»

አበሻ ቢሰማ ኖሮ «መሰለኝ» ትሕትና መሆኗን፣ ከኋላዋም እውነቱ መቆሙን ያውቅ ነበር። ለመርማሪዋ ግን መሰለኝ ያው መሰለኝ ነው። አቶ ሞገስ ይህን አላጡትም፤ ሃያ ዓመት የኖሩበት አገር ነው። እያወቁ፣ «እንግዲህ... መሰለኝ» አሉና ቆባቸውን አነሡ።

መስከረም ላይ ጠመንጃው ለባለቤቱ ተመለሰ። ጥቅምት ሳይጋመስ ጋሮማን ቀበሩት።

አራት ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሻይ እየተጠጣ፣ የሕግ ተማሪዋ ኢየሩሳሌም ለትምህርቷ የምትጽፈውን ጉዳይ አነሣች፦ ፖሊስ የሰው ጠመንጃ ለመውሰድ የሚጠየቀው ማስረጃ ዝቅ ቢል ምን ይመስላችኋል?

«በጥርጣሬ ብቻ?» አለ ክፍሌ የተባለው ዘማሪ። «ቀበሌን ረሳችሁት እንዴ!»

ብዙዎቹ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ሞገስ ግን ሻያቸውን ገፋ አደረጉ። ሕጉ ላይ ምን ጎደለ? ጥርጣሬ አይበቃኝም አለ እንጂ እውነቱን አልቀበልም አላለ። እውነቱን በጉያቸው ይዘው የወጡት እሳቸው ናቸው።

ደሚቱ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ነበር። ኩባያዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ የጋሮማ ዘመዶች ባሏን በሐሰት ከስሳ፣ አዋርዳ ገደለችው ይሉኛል። ፖሊስም ማስረጃ የለም አለኝ። እኔም አሁን አሁን የሰማሁትን መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ለእርስዎ ነግሮዎት ነበር?»

ከንፈራቸው በልማድ ለዚያችው ቃል ተከፈተ። ዋጧት።

«ነግሮኛል» አሉ። «በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

ደሚቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ቁጣ እንኳ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«እንዲህ ማለት ይችሉ ኖሯል፣ ጋሼ» አለችና ካፖርቷን ልታመጣ ተነሣች።