የዶርሊሳ ዐመፅና የቆራጮቹ ሸሚዝ

የሸንኮራ ፋብሪካው ሹማምንት፣ ቀሳውስትና የሬዲዮ ሰዎች ሆይ፣ ቆብ አውልቃችሁ ስሙ! ጦርም ማኅተምም የሌላት፣ ቁመቷ ከማጠቢያ ገንዳዋ እምብዛም የማይበልጥ ዶርሊሳ የምትባል አጣቢ፣ ዛሬ በሳንታ ኤፊሄኒያ ከተማ በሙሉ ሥልጣኗ ዐምፃባችኋለች።

ዶርሊሳ የተወለደችው በሸንኮራ ቆራጮች ካምፕ ነው። ባሏ ወደብ ሄዶ ሌላ ወደብ አገኘ። እሷ የሟች እህቷን ልጅ ኔሜሲዮን በሳሙና አሳደገች፤ የፋብሪካውን የቤዝቦል ቡድን፣ የ«ቆራጮችን» ሸሚዝም ታጥባለች። ቡድኑ ለዘመናት ሲሸነፍ ስታጥብ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። የተሸናፊን ላብ ማን ይሳለማል?

ዘንድሮ በምን ስሕተት እንደሆነ እንጃ፣ ቆራጮች ለዋንጫ ደረሱ። ተጋጣሚያቸው የዋና ከተማው «ጄኔራሎች» ናቸው፤ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ተሸነፍን። የከተማው ጋዜጦች ቀብራችንን ጻፉ። አራተኛውን ግን አሸነፍን፤ ያኔ ሕጉ መጣ። በእኛ አገር ያሸነፈ ሸሚዝ አይታጠብም፤ እድሉ ከእድፉ ጋር ይፈሳላ! አምስተኛውንም ስድስተኛውንም እንደ ቆሸሹ አሸነፉ። ተጫዋቹ ከመድረሱ በፊት ሽታው ይደርስ ጀመር። የዋና ከተማው ሬዲዮ፣ ጄኔራሎቹ ታፈኑ እንጂ አልተሸነፉም ብሎ ቀለደ። ከተማው ሳቀ፣ ኮራም። ዶርሊሳ ግን ተቃጠለች። ጄኔራሎቹን ያንበረከከው የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ፣ ያሳደገችው ኔሜሲዮ ነው፤ ገበያ ሲወጣ ግን ሰዉ እሱን ሰላም ሳይል እጅጌውን ይስማል።

በመጨረሻው ጨዋታ ዋዜማ፣ ተጫዋቾቹ ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ፣ ሸሚዞቹን ሰብስባ አጠበችና በሜዳው አጥር ላይ ሰቀለቻቸው። ሬሳ የተሰቀለ ይመስል ሴቶች አለቀሱ። አሠልጣኙ ኤፍራይን በአንድ እግር ጫማ እየሮጠ መጣ።

«ዶኛ ዶርሊሳ፣ ምን አደረጉን?»

«አጠብኳችሁ።»

«ዶኛ» ያለበት አንቱታ እዚያው ቀረ። «ነገ ብንሸነፍ በዚህ ከተማ እንዳላይሽ!»

«ብትሸነፉ ሳትነግረኝ እሄዳለሁ። ግን ልጠይቅህ፣ ኤፍራይን፤ እስከ ዛሬ ያሸነፋችሁት በክንዳችሁ ነው በብብታችሁ?»

በማግሥቱ ተጫዋቾቹ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ወደ ስቅላት እንደሚነዱ ሰዎች ወጡ። እሷም ጓዟን ጠቅልላ፣ ከተጫዋቾቹ አግዳሚ ጀርባ ሁሉም በሚያያት ቦታ በጥቅልሏ ላይ ተቀመጠች። ጄኔራሎቹ ነጥብ ባስቆጠሩ ቁጥር ሰዉ ሜዳውን ትቶ እሷን ያያል። አንዷ ጎረቤት፣ አውቶቡሱ ሳይሄድ ብትነሺ ይሻልሻል ብላ መከረቻት። አልተነሳችም።

ዘጠነኛው ዙር ላይ በአንድ ነጥብ እየተመራን የመጨረሻው ዕድላችን ደረሰ። ሁለት ሰዎቻችን፣ የረገጠው ሁሉ ነጥብ ወደሚያገኝበት ወደ ቤት መርገጫው ለመሮጥ አሰፍስፈዋል፤ ዱላውን የያዘው ኔሜሲዮ ነው። መታ። ኳሷ በጄኔራሎቹ መሐል ሰንጥቃ አለፈች፤ ሁለቱም ገቡ። ዋንጫው የእኛ ሆነ!

ኤፍራይን ማይክራፎን ነጥቆ ምን አለ? «ያሸነፈልን ሳሙናው ነው!»

በዚያው ምሽት የከተማው ሳሙና አለቀ። ቄሱ ገንዳዋን ሊባርኩ መጡ። በማግሥቱ ያ ያለቀሰ ሕዝብ ሁሉ እጣቢዋን ሊቀዳ ጠርሙስ ይዞ ደጇ ላይ ተሰለፈ፤ ኤፍራይን ከፊት።

ዶርሊሳ ወጣች። ገንዳውን በሁለት እጇ ይዛ እግራቸው ሥር ገለበጠችው።

«ልጁ ክንድ አለው» አለች። «ስምም አለው። ኔሜሲዮ ነው።»

አሁን በረከት ደፊ ትባላለች። ለከርሞ ብንሸነፍ የሚባረረው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ተወስኗል፤ እሷ ግን ይኸው ዛሬም በሯን ከፍታ ታጥባለች።

አንባቢ ሆይ፣ በእኛ ልትስቅ ከሆነ አልከለክልህም። አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ፤ ያቺን ፈተና ያሳለፈችህን፣ ሹመት ያሰጠችህን፣ ውኃ እንዳይነካት የምትሳሳላትን የገዛ ሸሚዝህን፣ እባክህ አሁን ተነስና...