ጋሽ ደምሴ በዚህ ጊዜ አይነሡም

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የጋሽ ደምሴን ሞት ስናገር የሚያምነኝ ሰው በመጥፋቱ ነው። ከድንበሯ ከተማ ከገላባት ተነሥታ በዶካ በኩል እስከ ቱነይድባ ድረስ በስደተኞች ጣቢያዎች ስትዞር የከረመችው የትንሿ የቲያትር ቡድናችን መሪ፣ ተዋናዩ ጋሽ ደምሴ፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ በወባ ታመው ዐርፈዋል። በገዛ እጄ ገንዤአቸዋለሁ። መርዶውን ይዤ ዶካ ስደርስ መጀመሪያ ያገኘሁት ሻይ ሻጯን ዘሃራን ነበር። ነገሬን ሳልጨርስ ሳቀች።

«ወላሂ አንተ ልጅ! ደግሞ ሞቱ ልትለኝ ነው? በል ሂድና ይነሡ በላቸው፤ ሻያቸው እንዳይቀዘቅዝ!»

አልተቀየምኋትም። ዘሃራ ጋሽ ደምሴ ሲሞቱ በዐይኗ አይታለች፤ ደረቷን መትታ አልቅሳላቸዋለች፤ በማግሥቱም ሻይ ቀድታላቸዋለች።

የምናሳየውን ተውኔት የደረሱት እርሳቸው ነበሩ፤ የተጻፈውም ለማሳቅ ነበር። አንድ አባት ልጆቹ ከልብ ያዝኑለት እንደሆነ ለማወቅ የሞተ መስሎ ይተኛል። ልጆቹ ሬሳው አጠገብ ቆመው በሚወርሱት በሬ ሲጣሉ ይሰማል። በሁለተኛው ክፍል ብድግ ብሎ በከዘራው ያባርራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሳቅ ነው። «ይህ ሕዝብ ለአንድ ሰዓት እንኳ ረሃቡን ቢረሳልኝ ብዬ ነው የጻፍሁት» ይሉን ነበር።

መድረካችን የተጠረገ መሬት፣ መጋረጃችን በሁለት እንጨት መካከል የተወጠረ ብርድ ልብስ ነበር። መሬቱን የሚጠርጉት ራሳቸው ነበሩ። መጥረጊያውን ልቀበላቸው ስል «ተው፣ እነዚህ ሰዎች ዛሬ እንግዶቼ ናቸው፤ አቧራ አላለብሳቸውም» አሉኝ። ከሚደርሳቸው የራሽን እህል ላይ ገሚሱን በየጣቢያው ለሚያገኟቸው አራሶች ሲሰጡም አይቻለሁ፤ ይህ ግን እንዲነገርላቸው አይወዱም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ገላባት ላይ፣ ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንደ ሬሳ ተጋደሙ። የሚስቅ አልነበረም። ከተመልካቹ መካከል አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። ወዲያው የቲያትሩ ሜዳ ለቅሶ ቤት ሆነ። እያንዳንዷ የምትጠራው የራሷን ሟች ስም ነበር። እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውንና ወላጆቻቸውን በመንገድ ዳር ቀብረው፣ ለማልቀስ እንኳ ሳይቆሙ ያለፉ ነበሩ። የሚያለቅሱበት ሬሳ ያገኙት ገና ያን ዕለት ነበር።

ቃል የማስታውሳቸው እኔ ስለነበርሁ ከመጋረጃው ኋላ ተንሾካሾክሁ። «ጋሽዬ፣ ይነሡ እንጂ! ተራዎ ደርሷል!»

ከንፈራቸውን ሳያላውሱ መለሱልኝ። «ዝም በል። ገና አልጨረሱም።»

ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ዝንብ ፊታቸው ላይ እየተመላለሰ ጋሽ ደምሴ አልተንቀሳቀሱም። ወሬው ቀድሞን ሄደ። ከዚያ በኋላ በደረስንበት ጣቢያ ሁሉ ሰው የሚመጣው ሊያለቅስ ነበር፤ ሁለተኛውም ክፍል ሳይታይ ቀረ። የታላቁን ልጅ ሚና የሚጫወተው ታከለ አንድ ቀን ከጣቢያ ጣቢያ በሚያደርሰን ሎሪ ላይ ሆነን አሾፈባቸው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚህ ድረስ የመጣሁት ዱላዎን ልቀምስ ነበር። እርስዎ እንቅልፍዎን ይለጥጣሉ!»

«ታገሠኝ፤ መጨረሻው ላይ፣ ቱነይድባ፣ አሳምሬ እገርፍሃለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልነሣ ጉዞው አያልቅም።»

ቱነይድባ ስንደርስ ትኩሳቱ ጀምሯቸው ነበር። ቢሆንም ተኙ፤ ተለቀሰም። ለቅሶው ጋብ ሲል፣ ቃላቸውን አክብረው፣ ጋቢውን ገፍፈው ብድግ አሉ፤ ከዘራቸውንም አነሡ። ሳቅ የለም። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ትክ ብለው ተመለከቷቸው።

«አንተስ ተነሣህ። የእኔ ልጅስ?»

ቃል እንዳቀብላቸው ወደ እኔ ዘወር አሉ። ጥያቄው ግን ከተውኔቱ ውስጥ አልነበረም። ከዘራውን አስቀምጠው ከአሮጊቷ ፊት ተንበረከኩና ጉልበታቸውን ሳሙ። «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። መነሣት አልነበረብኝም።» ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞረው «ወገኖቼ፣ ጉዟችን እዚህ ላይ አብቅቷል፤ ደኅና ሁኑ» ብለው እጅ ነሡ። አሮጊቷ የትከሻቸውን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ተኝተህልኛል» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። የቲያትራችን የመጨረሻ ቃል ያ ነበር።

ለሕክምና በወሰድናቸው በገዳሪፍ ስንቀብራቸው ታከለና እኔ፣ ሁለት ቆፋሪዎችና አንድ ካህን ብቻ ነበርን። መድረክ ላይ በሚከናነቡት ጋቢ ከፈንናቸው። አላለቀስሁም። ጋቢውን ፊታቸው ላይ ከመሳቤ በፊት ከንፈራቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁ፤ «ገና አልጨረሱም» እንዲሉኝ እጠብቅ ነበር።

ጋሽ ደምሴ፣ የስንቱን ሟች ተክተው የተኙ እርስዎ ሳይለቀስልዎ ወደ አፈር ገቡ። በየጣቢያው ያለቀሱት ሁሉ ይህን ሲሰሙ አሁን ነጠላቸውን ለእርስዎ ያዘቅዝቁ። ዘሃራም በመጨረሻ አምናለች፤ ለእርስዎ የቀዳችውን ሻይ አፈሰሰችው። እኔም ከእንግዲህ ይነሡ አልልዎትም፤ ደኅና ይተኙ።

የጠፋው ይህ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጋቢ፣ ማንም ያልሳቀበት ግማሽ ተውኔት።