ከቅጽሩ ውጭ የነበሩት ጽዶች

የእሷ ጉቶ የትኛው ነበር?

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልሁም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በታች፣ ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው ተረተር ላይ፣ ከተማችን ጎንደር ጽድ ያስቆረጠች ዕለት የቀሩት ጉቶዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ሁሉም እርጥብ፣ ሁሉም ቀላ ያሉ፣ ሁሉም ከጉልበት በታች የተመቱ። ከነዚያ ባንደኛው ሥር ልጄ አለች።

ሰማንያ ቀን አልሞላትም ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሳትጠመቅ የሞተች ደግሞ ከቅጽሩ ውስጥ አትቀበርም። ለቅሶ አይቀመጡላትም፤ ተዝካርም የላትም። አባቴ የዚያው ደብር መሪጌታ ነበርና ሥርዓቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በራሱ ነጠላ ጠቅልሎ፣ ዳዊቱን እንደሚይዝ በብብቱ ይዟት ወጣ። እኔ አራስ ነኝ፤ እስከ በሩ እንኳ አልሸኘኋትም። ሲመለስ እጁን ታጥቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ከአንዲት ለጋ ጽድ ሥር ናት» አለኝ። ድንጋይ አላደረገባትም፤ አይደረግም። ቆይቶ አብረን በመንገዱ ስናልፍ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመቋሚያው ጠቆም አደረገልኝ።

«ያቻትና፣ ጫፏ የተሰነጠቀው። አትቁሚ፤ ሰው ያያል።»

የማወጣላት ስም ነበረኝ። እዚህም አልጽፈውም።

ትዳሬ ከዚያ ወዲያ አልሰነበተም፤ ወደ አባቴ ቤት ተመለስሁ። ፊደሉን የአባቴ የቆሎ ተማሪዎች በደጃችን ሲያነበንቡ እየሰማሁ ለቅሜው ነበርና፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልግባ ብዬ ለመንሁት። አባቴ ብዙ ካሰበ በኋላ እሺ አለ። ከጎኔ የሚቀመጡት ልጆች ትከሻዬ ላይ አይደርሱም። «እማማ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ዳቦ አልያዝሽልንም?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የፊደል ግድፈት ግን አላልፍላቸውም፤ እየሳቁብኝም ጽሑፋቸውን ለመምህሩ ከማስረከባቸው በፊት አምጥተው የሚያሳዩት ለእኔ ነበር።

በየጠዋቱ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ጽዷን ከመንገዱ ሆኜ አያታለሁ። ጫፏ ለሁለት ተከፍሎ ያደገ ነበር፤ ከእኩዮቿ መካከል የምለያት በዚያ ብቻ ነው። ሥሯ ድረስ ወርጄ አላውቅም። ወርጄ ምን እላለሁ? ያልተለቀሰላትን ልጅ ከጫካ ገብታ ታለቅሳለች ቢሉኝስ? ጽዷ ቁመቴን ያለፈች ዓመት፣ ልጄ ብትኖር ይኼኔ ውኃ ትቀዳልኝ ነበር ብዬ አሰብሁና ቀኑን ሙሉ ትምህርቱ አልሰማ አለኝ።

አባቴ ሲያርፍ፣ ቦታውን ወርዶ ሊያሳየኝ የሚችለው ሰው አብሮት ሄደ።

ትምህርቴን እንደ ነገሩ ጨርሼ ማዘጋጃ ቤት በጽሕፈት ማኪና ሥራ ተቀጠርሁ። አለቃዬ ዋና ጸሐፊው ነበር፤ ጨዋታ የሚወድ፣ ስለ ከተማው ሲነሣ ግን ቀልድ የማያውቅ ሰው። እንጨት ከከተማው ውጭ፣ ከጠዳ በኩል እየተጫነ መምጣት የጀመረበት ጊዜ ነው፤ በከተማው ዙሪያ ዛፍ የቀረው በአድባራቱ አካባቢና በወንዙ ዳር ዳር ብቻ ነበር። አንድ ቀን ረቂቅ ይዞ መጣና ከፊቴ ዘረጋው። ከውጭ አገር ርዳታ ሰጪዎች ገንዘብ የሚጠየቅበት ማመልከቻ ነው፤ ከተማው የቀረለትን ደን እንዲጠብቅበት፣ ዘበኛ እንዲቀጥርበት፣ አጥር እንዲያጥርበት፣ ችግኝ እንዲያፈላበት። ረቂቁ «በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ የሚገኘው ደን» ይላል። እጄ ቆመ።

«ጌታዬ፣ የቅጽሩማ በግዝት የተጠበቀ ነው፤ ማንም አይነካው። ጠባቂ የሌለው ከቅጽሩ ውጭ ያለው ነው።»

«ምነው እቴ፣ ከዛፎቹ ጋር ዝምድና አለሽ እንዴ?» አለና ሳቀ።

«የለኝም» አልሁ።

«እንግዲያው በይ፣ ከቅጽሩ ውጭ ያለውን ጨምሮ ብለሽ አግቢበት። ሸጋ ነው።»

በዚያ ማኪና ከጻፍሁት ሁሉ የወደድሁት ያቺን ሐረግ ነው። እኔ ልቆምላት ባልችል ዘበኛ ይቆምላታል አልሁ በልቤ።

መልሱ ሲመጣ፣ ደኑን አይቶ የሚወስን እንግዳ እንደሚላክ ተነገረን። ማዘጋጃ ቤቱ የሰርግ ቤት መሰለ። በእኛ አገር የተከበረ እንግዳ በባዶ መንገድ አይገባም። ጃንሆይ ሲመጡ እንደሚደረገው፣ መንገዱ ላይ የእንጨት ቅስት ይቆማል፤ ቅስቱ ከላይ እስከ ታች በጽድ ቅጠል ይሸፈናል፤ መሬቱ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። ዋና ጸሐፊው «ለዛፍ ብሎ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣን ሰው በደረቁ ልንቀበለው ነው?» ብሎ የቅስቱን ነገር ራሱ ያዘው። ከቅጽሩ ውስጥ ደፍሮ የሚቆርጥ የለም። ስለዚህ ቀና ቀና ያሉትን ለጋዎች ከቅጽሩ ውጭ አስቆረጠ። ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሁሉም ደስ ብሎት ነበር።

እኔ የእንኳን ደኅና መጡ ንግግሩን እየጻፍሁ ነበር። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የአዲስ ጽድ ሽታ ደረጃውን ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። በመስኮት ብመለከት ሰዎች ግንዱን ከነቅጠሉ በትከሻቸው ተሸክመው ያልፋሉ፤ ጫፍ ጫፉ መሬቱን ይጠርጋል። የተሰነጠቀ ጫፍ ፈለግሁ። መሬት ለመሬት የተጎተተው ቅርንጫፍ ሁሉ የተሰነጠቀ ነው። ንግግሩን ከማኪናው ላይ እንዳለ ትቼ ወረድሁ።

ከመንገዱ ወጥቼ ወደ ተረተሩ የገባሁት ያን ቀን ነው። ከቆምሁበት እስከ ወንዙ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ከጉቶ ጉቶ ሄድሁ። እኔ የማውቃት በጫፏ ነው፤ ጉቶ ደግሞ ጫፍ የለውም። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ የሚያስር አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው እሜቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?»

«የለም፣ አያ።»

«ጭራሮም ከሆነ ውሰጂ፤ እንዳታፍሪ። ነገ ብትመጪ አታገኚውም።»

እንግዳው በማግስቱ መጣ። ከመኪናው ወርዶ ከቅስቱ ሥር ሲደርስ ቆመና በአስተርጓሚው በኩል ይህ ሁሉ ቅጠል ከየት እንደመጣ ጠየቀ።

«ለእርስዎ ክብር ከራሳችን ደን ነው!» አለ ዋና ጸሐፊው፣ ፊቱ እያበራ።

አስተርጓሚው አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ተረጎመ። እንግዳው የቅስቱን ምሰሶ ነካ አደረገ፤ ጣቱ ላይ የተጣበቀውን ሙጫ አየ። ንግግሩን እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ምሳ በላ፤ አመሰገነ፤ ሄደ። ገንዘቡ አልመጣም።

ዋና ጸሐፊው ነገሩ ከልቡ አልወጣ አለው። «ንግግሩ ረዝሞበት ይሆን? ወይስ ወጡ አቃጥሎት?» ይለኛል ሥራ በፈታ ቁጥር። ቅስቱን አያነሣም። እኔም አላነሣሁበትም። ወይራ ቢሆን ከጉቶው ያቆጠቁጥ ነበር፤ ጽድ አንዴ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ አፈሩ ከጉቶዎቹ ሥር እየታጠበ ወደ ቀሃ ወረደ። ዝናብ በሌሊት የጣለ እንደሆነ ጠዋት በሌላ መንገድ ዞሬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

ዓመታት አለፉ። ዋና ጸሐፊው ሸበተ። ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ እንደገና ረቂቅ ይዞ መጣ፤ ሌላ ርዳታ ሰጪ ተገኝቷል፤ ስለዚያው ተረተር ነው።

«በይ እቴ፣ ምክንያቱን እንጻፍ» አለና እየተንጎራደደ ይነግረኝ ጀመር። አፈሩ በጎርፍ እንዳይሄድ። ምንጩ እንዳይነጥፍ። ለከተማው ጥላ እንዲሆን። እየተከተልሁ ጻፍሁ። ከመስኮቱ ሲደርስ ዞር አለ። «ሌላስ? ያኔም ከቅጽሩ ውጭ ያለውን ያስገባሽው አንቺ ነሽ። ምን የቀረ ነገር አለ?»

«ልጄ እዚያ ናት» አልሁ።

አልገባውም። «ልጅ አለሽ እንዴ?»

«ነበረችኝ። ክርስትና ሳትነሣ ሞተችብኝ። አባቴ ከአንዲት ጽድ ሥር ቀበራት፤ ከቅጽሩ ውጭ።»

ነገሩ ቀስ እያለ ሲደርስበት ከፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር፤ ቅስቱ፣ ለጋዎቹ ጽዶች፣ ወለል ብሎ የቀረው ተረተር።

«የትኛዋ ነበረች?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ፣ ባለጉዳይ ከሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት እጁን አጣምሮ ተቀመጠ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለኝ።

ስለ እሷ ይህን ቃል ያለኝ ሰው አልነበረም። ከውጭ በሩ ተንኳኳ። «ቆዩ» አለ፤ ከተቀመጠበት አልተነሣም።