ከእጄ የተቀበሉት መጽሐፍ

በሶዶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ውስጥ ያለውን መጽሐፍ በሙሉ ያነበበ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ያለውን ነው የምናገረው። ክፍሉ አራት መደርደሪያ አለው። አራቱንም ከላይ እስከ ታች ጨርሻለሁ፤ የወደድኩትን ሦስት አራት ጊዜ ደግሜያለሁ። ከየአገሩ ተመድበው የመጡ ሐኪሞችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ፣ "ለዚህኛው ምን ይሻለዋል?" ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። እኔ ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ ተማሪ ሆኜ ክፍል ውስጥ አልተቀመጥኩም።

ማንበብ የተማርኩት ከጆንያ ነው። በወጣትነቴ ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር። ከዱቦና ከቦምቤ መንገድ የሚመጣው ሰው እህሉን ትቶ ገበያ ሲሄድ በጆንያው ላይ ስሙን በከሰል ይጽፋል፤ የማይችለው ያጽፋል። የአንዱ በቆሎ ከሌላው ከተቀላቀለ ጠቡ የኔ ነው። ስለዚህ ጆንያው የማን እንደሆነ እጠይቅና ጽሑፉን ትክ ብዬ አያለሁ፤ ስሙን በአፌ እየደጋገምኩ ቅርጹን ዱቄት ላይ በጣቴ እጽፋለሁ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ያለ አስተማሪ ማንበብ ቻልኩ። ፊደል የገባኝ በገበሬዎች ስም ቅደም ተከተል ስለሆነ ዛሬም ከ"ሀ" ጀምረህ ውረድ ብትሉኝ እደናቀፋለሁ። በማንበብ ግን የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ።

ባለቤቴ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆናት። ወንዱ ልጄ ሐዋሳ፣ ሴቷ አርባ ምንጭ ኑሮ ይዘዋል። ለበዓል ይደውላሉ፤ መስመሩ ይቆራረጣል፤ "በኋላ እንደውላለን" ይላሉ። ቤቴ ሰፊ ነው። ፕላኑን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ያኔ ስድስት ሰው ይበቃዋል ብዬ ነበር። አሁን ጠዋት ሬዲዮ ስከፍት ዜና አንባቢው "እንደምን አደራችሁ" ሲል "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ እመልስለታለሁ። አንዳንድ ቀን ከዚያች ቃል ሌላ ሳልናገር ይመሻል።

ቅዳሜ ግን እንዲህ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ሰዓት ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ለራሴ ላነብ ነበር፤ ከልጆቹ ጋር ስጫወት ያየችኝ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አንድ ቀን ወንበር አምጥታ ከመደርደሪያዎቹ ፊት አስቀመጠችልኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ ይምረጡላቸው" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መራጩ እኔ ነኝ።

አመራረጤን ከማንም አልተማርኩም። ልጁን "ስንተኛ ክፍል ነህ" አልለውም፤ ክፍል ስለ ልጅ ምንም አይናገርም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ስትመጣ በመንገድ ላይ ምን አየህ?" አንዱ ጭቃ ውስጥ የሰመጠ ባጃጅ አየሁ፣ ሰዎች ሲገፉት ሾፌሩ ስልክ ያወራ ነበር ይለኛል። ይህ ልጅ ሰው ይታዘባል፤ የሚያስቅ መጽሐፍ ይሰጠዋል። ሌላዋ የዳሞታ ተራራ ዛሬ ጫፉ የለም፣ ደመና በልቶታል ትለኛለች። ለእሷ ተረት። "ምንም አላየሁም" ለሚለኝ ደግሞ ጽሑፍ የሌለው፣ ሥዕል ብቻ የሆነ መጽሐፍ እሰጠዋለሁ፤ መጀመሪያ ዓይኑ ይለማመድ። እንዲህ ያለ ዘዴ አዲስ አበባ ራሱ ያለ አይመስለኝም።

ልጁ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይቀበለኛል፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይሄዳል። በሳምንቱ ይመልሳል። እንዴት ነበር እለዋለሁ። በጣም ጥሩ ነበር አባባ ይለኛል። ወደድከው? አዎ አባባ። እኔ በዚያች "አዎ" እስከ ረቡዕ እኖር ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ደግሞ የምትመጣውን ቅዳሜ እየጠበቅኩ እኖር ነበር።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ የማበልጠው ጭራዋን ሸጣ ጃንጥላ ስለገዛች ጦጣ የሚተርከውን ነበር። መጀመሪያው ያስቃል፤ ልቡ ግን መሃሉ ላይ ነው። ዝናቡ መጥቶ ጃንጥላዋን ይዛ ዛፍ ላይ ለመውጣት ስትታገል ያለው ቦታ ነው። የቀድሞው ቅጂ በእጅ ብዛት ተበጣጥሶ አልቆ ነበር። በስጦታ ከመጣ ካርቶን ውስጥ አዲስ ቅጂ ሲገኝ ደስ አለኝ። አልገለጥኩትም። ለምን እገልጠዋለሁ፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከመስቀል በኋላ ጀምሮ ለዘጠኝ ልጆች ሰጠሁት። ዘጠኙም በጣም ጥሩ ነበር አባባ አሉኝ።

አሥረኛዋ ከገሱባ በኩል የመጣች፣ ለትምህርት ብላ ሶዶ አክስቷ ዘንድ የምትኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ነውና ቃል ፈልጋ፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። በመንገድ ምን አየሽ ስላት፣ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ አየሁ አለችኝ። እንዲህ ያለ መልስ ሰጥታኝ ሌላ መጽሐፍ እንዴት እሰጣታለሁ? የጦጣዋን ሰጠኋት።

በሳምንቱ ስትመጣ ከልጆቹ ጋር አልተሰለፈችም። ከመስኮቱ ሥር ቆማ ሌሎቹ አስረክበው፣ ተቀብለው፣ እየተጋፉ እስኪወጡ ጠበቀች። ሠራተኛዋ መስኮት መዝጋት ስትጀምር መጣችና መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። በወላይትኛ ነበር ያናገረችኝ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ሶዶ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ወላይትኛዬ ከባለቤቶቹ አያንስም።

"አባባ፣ መሃሉ አይከፈትም" አለችኝ።

ተቀብዬ አየሁት። መሃል ላይ ያሉት ገጾች ማተሚያ ቤት ሲታጠፉ ጠርዛቸው ሳይቆረጥ ቀርቷል። እንደ ታሸገ ፖስታ ተያይዘዋል። ወረቀቱን ገለል አድርጎ በአጥር ቀዳዳ እንደሚያዩት ከላይ አጮልቆ ማየት ይቻል ይሆናል፤ ማንበብ ግን አይቻልም። ጃንጥላው፣ ዝናቡ፣ ዛፉ፣ ልቡ ያልኩት ቦታ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

ሌሎቹ እኮ ምንም አላሉኝም አልኳት።

ጫማዋን አየች። "ነግሬያቸዋለሁ። እነሱ ግን ለአባባ አትንገሪ፣ ያዝናሉ አሉኝ።"

"ማን ነው ያለሽ?"

"ሁሉም።"

ከዚያ ቀና ብላ፣ እኔ ምን እንደሆንኩ ሳይሆን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። "ጦጣዋ ግን ዝናቡ ሲመጣ ምን ሆነች?"

ከሠራተኛዋ ምላጭ ተቀብዬ ጠርዙን ቆረጥኩላት። አንዱ ገጽ ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም። ልጅቷ እዚያው በር አጠገብ ቆማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ሠራተኛዋ ቁልፉን በእጇ ይዛ ጠበቀች። ስትጨርስ መልሳ ሰጠችኝና መጨረሻውን አልወደድኩትም አለች። ጦጣዋ ጃንጥላውን መልሳ ጭራዋን መውሰድ አልነበረባትም፤ ጭራ ለሁሉም ጦጣ አለ፣ ጃንጥላ ያላት ግን እሷ ብቻ ነበረች። አይ፣ ያለ ጭራማ ዛፍ አትወጣም አልኳት። መሬት ላይ ትኑራ፣ እኛስ የምንኖረው የት ነው አለችኝ። እስከ ባጃጅ መቆሚያው እየተከራከርን ሄድን። አላሸነፍኳትም። ስንት ዓመት ስለ መጽሐፍ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ስለ መጽሐፍ ሰው ሲመልስልኝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቤት ስገባ ግን ደስታው አልቆየም። ዘጠኙን ልጆች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ከእነሱ በፊት የነበሩትን፣ በሁለት እጃቸው የተቀበሉኝን ሁሉ። ስንቱ አንብቦ ነበር? ስንቱ ቤቱ አስቀምጦ፣ ቅዳሜ ሲደርስ አቧራውን ጠርጎ አመጣልኝ? ልጆቹ አልዋሹም፤ ይህን ልወቅሳቸው አልችልም። ሽማግሌ ከእጁ የሰጠው አይመለስም፣ አይነቀፍም። እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ጫማ ገዛልኝ፤ ሁለት ቁጥር ያንስ ነበር። ልክህ ነው ወይ ሲለኝ ልኬ ነው ብዬ፣ ጣቶቼ እስኪቆስሉ ሦስት ወር ሄድኩበት። አጎቴ እስኪሞት ጫማ መምረጥ እንደሚችል ያምን ነበር።

እኔ እንደ አጎቴ መሞት አልፈለግኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስቤ፣ ዛሬ የምፈልገው እውነት ነው፤ መጽሐፉ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው በሉኝ፣ አልቆጣም አልኳቸው። ተያዩ። የመጀመሪያው ልጅ መጽሐፉን በሁለት እጁ አስረከበኝና "መጥፎ ነበር አባባ" አለኝ። ሁለተኛዋም "የኔም መጥፎ ነበር አባባ" አለች። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁሉም። አንዱማ ያለፈው ሳምንት ጭራሽ ያልመጣ፣ ምንም ያልወሰደ ልጅ ነው። እሱም የኔም አለ። ታዘዋል፣ ፈጽመዋል። ሠራተኛዋ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

የገሱባዋ ልጅ ያን ቀን አልመጣችም። ጎረቤቷ የሆነውን ልጅ ስለ እሷ ስጠይቀው እናቷ ወልዳ ልትረዳት አገሯ ሄዳለች አለኝ። ከዚያ ወዲህም አልመጣችም። ገሱባ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ግን መጥፎ ነው። በየቅዳሜው በሩን አያለሁ።

ልጆቹ ሲወጡ ለሠራተኛዋ ከእንግዲህ አልመጣም አልኳት። በእውነት ቆርጬ ነበር። እሷ ወንበሮቹን እየሰበሰበች "ጋሼ፣ ምርጫዎትስ ጥሩ ነው" አለችኝ። "ግን እርስዎ ፊት ቆሞ አልወደድኩትም የሚል ልጅ እዚህ አገር አልተወለደም።"

"አንዲት ተወልዳለች" አልኳት።

"እሷም ሰው እስኪወጣ ጠብቃ ነው።"

ሠራተኛዋ የተናገረችው ትክክል ነበር፤ ትክክል በመሆኑም ሳምንቱን ሙሉ ተናደድኩባት። መፍትሔው ወዲያው ታይቶኝ ነበር፤ ችግሩን ከማንም በፊት ማየት ልማዴ ነው። መጽሐፉን እኔ ልምረጥ፤ ከእጄ ግን አይቀበሉት። እኔ እዚያ አልሁን። ግን እዚያ ካልሆንኩ ቅዳሜ ምኔ ነው? ሬዲዮው ቅዳሜም ይከፈታል። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ ወይ ልጆቹ ከኔ ጋር ይሁኑ፣ ወይ መጻሕፍቱ ይነበቡ። መምረጥ እንደምችል ስፎክር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መረጥኩ።

አሁን ቅዳሜ ከልጆቹ በፊት እደርሳለሁ። ስድስት መጽሐፍ እመርጣለሁ፤ እያንዳንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በገጽ እገልጣለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሽፋናቸው ወደ ላይ ሆኖ እደረድራቸዋለሁ። ከዚያ እወጣና ከመስኮቱ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ልጆቹ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፤ ደህና ናችሁ እላለሁ፤ ይገባሉ። በመንገድ ምን እንዳዩ አልጠይቃቸውም። ብጠይቅ ቆመው ይመልሱልኛል፤ ስለዚህ አልጠይቅም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች ስድስቱም መጻሕፍት እንደተደረደሩ ነበሩ። ሠራተኛዋ ይታገሡ አለችኝ። እኔ ትዕግሥት አላጣሁም፤ ብርዱ ነው ያስቸገረኝ። በአራተኛው ቅዳሜ ሁለት ልጆች በመስኮቱ ሥር ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። አንደኛው ድምፁ ገና ቀጭን ነው፣ ሌላኛው ጠና ያለ። ጅብ ስለሚኖርበት መጽሐፍ ነበር፤ ያን ጠዋት ሁለተኛ አድርጌ ያስቀመጥኩትን። ይህን የጻፈው ሰው ጅብ አይቶ አያውቅም ይላል ታላቁ፤ ጅብ ብቻውን አይሄድም፣ ሁልጊዜ በመንጋ ነው። ትንሹ ደግሞ ብቻውንም ይሄዳል፣ አጎቴ አይቷል ይላል። አጎትህ ውሻ ነው ያየው። አጎቴ ውሻና ጅብ አይለይም? ታዲያ ሥዕሉን እይ፣ ይሄ ጅብ ነው? ቀበሮ እኮ ነው። የመጽሐፉ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል፤ ወደፊት፣ ወደ ኋላ።

ተነሣሁ። በሩ ድረስ ሄጄ እጄን እጀታው ላይ አሳረፍኩ። የማውቀው እኔ እዚህ እያለሁ ምን ያጨቃጭቃቸዋል? ግን ከገባሁ የሚሉኝን አውቄዋለሁ። ሁለቱም ይነሣሉ፤ መጽሐፉን ይዘጉታል፤ በጣም ጥሩ ነው አባባ ይሉኛል።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሄዶ ነበር። እነሱ ብዙ ቆዩ፤ እኔም እስኪጨርሱ ሰማኋቸው። ትክክል የነበረው ትንሹ ነው። ከወፍጮ ቤት ስመለስ ብቻውን የሚሄድ ጅብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ማንም አልጠየቀኝም።