ደረቁን ሰጥቼ እርጥቡን

ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ «ውጡ» ተባልን። አፍጋኒስታን ነው፣ የአሜሪካ ወታደር ሆኜ። በአንድ መኪና አራት ነን። መትረየሱ ላይ እኔ ነኝ፤ በቲማችን ከኔ የሚበልጥ ተኳሽ አልነበረም፣ ካላመናችሁ ሾፌራችንን ማርከስን ጠይቁት። ኮረብታው ስር ስንደርስ ማርከስ «ዝም ያለ መንገድ አልወድም» አለ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፈንጂ ላይ ወጣን። መኪናው ተገለበጠ። ከኋላ የነበሩት ሁለቱ እዚያው ሞቱ። እኔ ወገቤ ተሰበረ። ወገቤን ጠገኑት፤ ሽንቴ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልታዘዝም አለኝ።

ሚኒያፖሊስ ስመለስ ደግሞ ከወረቀት ጋር ጦርነት ገባሁ። ለጉዳቴ ሬቲንግ፣ ማለት ካሳ የሚታሰብበትን ፐርሰንት፣ እንዲሰጡኝ ለቀድሞ ወታደሮች ቢሮ አመለከትኩ። ለወገቤ ሰጡኝ። ለሽንቴ ዜሮ። «ጦር ሳይገባ በፊት የነበረ ችግር ነው» ይላል ደብዳቤው። ዳይፐር አድርጌ ትራክ ድራይቭ የማደርገውን ሰውዬ! ስልክ ስደውል ሙዚቃ ያሰሙኛል። ሙዚቃው ሳያልቅ እኔ ሽንት ቤት እሮጣለሁ፣ ስመለስ ተዘግቷል።

አፒል የሚያደርግልኝ፣ ይግባኜን የያዘው ሰውዬ ፋይሌን አገላብጦ ጦር ስገባ የሞላሁትን ፎርም አወጣ። «ከአስራ ሁለት ዓመትህ ወዲህ አልጋ ላይ ሸንተህ ታውቃለህ?» ይላል። መልሴ «የስ» ነው።

ያኔ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። «አልጋ» የሚለውን ለየሁ፣ አስራ ሁለትን ለየሁ። የራስህ አልጋ አለህ ወይ የሚሉኝ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቀድሜ የራሴ አልጋ የነበረኝ ሰው ነኝ። ኮርቼ የስ አልኩ።

ሰውዬው አልሳቀም። «በልጅነትህ የሚያውቅህ ምስክር አምጣ» አለኝ።

ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ከእማዬ ጋር ነው የምኖረው። አንሶላዬን ደብቄ ነው የማጥበው።

ምስክር ሁኚኝ ስላት «የምን ሽንት?» አለችኝ፣ ሳታየኝ።

«እማ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አልጋ ላይ ይሸና ነበር ብለዋል።»

«የት?»

«ቤት ነዋ።»

«እኔ ቤት?» ነጠላዋን አነሳች። «ተነስ፣ ንዳ።»

«ዛሬ እሁድ ነው፣ ዝግ ነው።»

«ታዲያ ሰኞ ምን ይላሉ፣ እናቱ ዝም አለች?»

የቀጠሮው ቀን እማዬ ዳኛዋ ፊት ተቀመጠች። አስተርጓሚው በስልክ ነው።

«ይሄ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው ያቆመው» አለች። «እኔ ደረቁን ሰጠኋችሁ፣ እርጥቡን መለሳችሁልኝ። ሦስት ፍራሽ ቀይሬለታለሁ። እንዳያፍር ለወገብህ ይሻላል እለዋለሁ።»

እኔም ለወገቤ መስሎኝ ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ዜሮው ተነስቷል።

ከአራታችን ሁለቱ ሞተዋል። ማርከስም ያመዋል፣ እንደኔው ነው፤ አመልክት ስለው «ከሞቱት ጋር ሲተያይ የኔ ምን ይባላል» ይለኛል። እማዬ ባትናገር እኔም ይህንኑ ብዬ አፒሉን እተወው ነበር።