ውሃ ቀስ ብሎ የሚቀዳው ሰው
ሰውዬው ውሃ ሲቀዳ ብርጭቆውን አጋድሞ በጠርዙ ቀስ አድርጎ ነው የሚያንቆረቁረው፤ ውሃውን የሚያመው ይመስል። የሚሠራበትን ክፍል የሚያጸዱት አሮጊት ይህን ሁልጊዜ ያዩበታል። ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል፤ ዓይኑ ከኮምፒውተሩ አይነቀልም። እዚያ ላይ የሚሞክረው የልብ ፓምፕ ይሽከረከራል፤ ደም የሚሰባበርበት ቦታ በስክሪኑ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። ደሙን የሚገፋውን የፓምፑን ክንፍ ጠርዝ እዚህ ሲያለዝበው፣ እንደሚያፈስ ጣራ፣ ቅላቱ በሌላ በኩል ብቅ ይላል።

«ሻይ ላምጣልህ፣ ልጄ?»

«ይቅርብኝ፣ እማማ። የእህቴ ሽንት ሻይ መስሏል። ደረቷ ውስጥ ያለው ፓምፕ ደሟን እየፈጨባት ነው። ይሄኛው ከደረሰላት ይቀየርላታል።»

ስልኩ ጮኸ፤ የእህቱ ነርስ ነበረች። «ሽንቷ ዛሬስ ጠራላት?» አለ። መልሱን ሰምቶ ስልኩን ዘጋና ክንፉን እንደገና ከመጀመሪያው መሳል ጀመረ።

እማማ ባልዲያቸውን አነሱ። ውሃው እንዳይናወጥ እየተጠነቀቁ ወጡ።